የሃሎዊን ማታ በነጻ የሚሰጥ ከረሜላ የለም

ስኮትላንድ ውስጥ በሃሎዊን ማታ በር አንኳኩቶ የመጣ ልጅ ከረሜላውን ዝም ብሎ አይቀበልም። መጀመሪያ ይዘፍናል፣ ወይም ግጥም ይላል፣ ወይም ቀልድ ያወራል። ይህ ሥርዓት «ጋይዚንግ» ይባላል፤ ልጆቹም «ጋይዘር» ናቸው። በዚያ ሌሊት ሙታንና መናፍስት በየመንደሩ ይዞራሉ ተብሎ ይታመን በነበረበት ዘመን፣ መንፈሱ የራሱ ወገን መስለውት እንዲያልፋቸው ሰዎች አሮጌ ልብስ ለብሰውና ጭንብል አጥልቀው ይወጡ ነበር። «ስጡን፣ አለዚያ እናስቸግራችኋለን» የሚለው የአሜሪካኖቹ ልማድ አሁን እዚህም ገብቷል። ቢሆንም የድሮው አልሞተም፤ ግላስጎ ውስጥ በምንኖርበት ሕንፃ ደረጃ ላይ በየዓመቱ እሰማዋለሁ። ሆያ ሆዬ እያለ ላደገ አንባቢ ብዙ ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ ሙልሙሉ የጭፈራው ዋጋ እንደሆነ ሁሉ ከረሜላውም የዘፈኑ ዋጋ ነው።

እኔ የሚቆጨኝ ዋጋው ነው። አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ ሁለት ሳምንት ሙሉ ግጥም አጥንታ፣ ደረጃውን ወጥታ፣ ልቧ እየመታ በሰው ፊት ቆማ ትለዋለች። እኛ ደግሞ ከሱፐርማርኬት በትልቅ ከረጢት ከገዛነው፣ ስሙ እንኳን ከማይታወቅ ከረሜላ አንዷን ቅርጫቷ ውስጥ ጣል እናደርጋለን። ይህ አይመጥናትም። ስኮትላንድ በጣፋጭ የታወቀች አገር ናት፤ እያንዳንዱ ከተማ ማለት ይቻላል የራሱ ከረሜላ፣ ከረሜላውም የራሱ ታሪክ አለው። ሃሎዊንን በቤቴ ማክበር ከጀመርኩ ወዲህ ጠረጴዛዬ ላይ የሚቀርበው ይኸው ነው፦ አንዳንዱን እኔ እሠራዋለሁ፣ አንዳንዱን በብርጭቆ ማሰሮ ደርድረው በሚዛን ከሚሸጡት የድሮ ከረሜላ ቤቶች እገዛዋለሁ።

ከሁሉ በፊት ታብሌት። ታብሌት ያልቀረበበት የስኮትላንድ ግብዣ ጎደሎ ነው። ሲታይ ፈጅ የሚባለውን የእንግሊዞቹን ለስላሳ ጣፋጭ ይመስላል፤ ጥርስ ሲነካው ግን ሌላ ነገር ነው። ጠንከር ይላል፣ ቀጭ ብሎ ይሰበራል፣ ከዚያ ምላስ ላይ እንደ ደቃቅ አሸዋ ይበተንና ቅቤና የተቃጠለ ወተት እየሸተተ ይቀልጣል። ትንሽ ቁራጭ ትበቃለች፤ እጅግ ጣፋጭ ነው።

አሠራሩን ያስተማሩኝ ከእኛ ወለል በታች የሚኖሩት ጎረቤቴ ናቸው፤ ሰማንያን ያለፉ፣ ታብሌት ሲሠሩ ሽታው ሕንፃውን በሙሉ የሚያውደው ሴት። መመጠኛው ቀላል ነው፦ አንድ ኪሎ ስኳር፣ 125 ግራም ቅቤ፣ ሩብ ሊትር ቅባቱ ያልወጣ ወተት፣ እና አንድ ጣሳ ኮንደንስድ ሚልክ፣ ማለትም 397 ግራም ስኳር የገባበት ወፍራም ወተት። ድስቱ የግድ ትልቅ ይሁን። ሲፈላ ወደ ላይ ይነሳል፤ ገንፍሎ ቆዳ ላይ የወደቀ ስኳር ደግሞ እንደ ውሃ ቶሎ አይወርድም፣ ተጣብቆ ያቃጥላል። ልጆች ከምድጃው ይራቁ።

መጀመሪያ ስኳሩ፣ ቅቤውና ወተቱ በቀስታ እሳት ይሞቃሉ። እዚህ ላይ መቸኮል የለም። በማማሰያ ነክታችሁ ጣታችሁ ላይ ስታሹት አንዲትም የስኳር ቅንጣት እስካልተሰማችሁ ድረስ አይፈላም። በድስቱ ጎን የተለጠፈችውን እንኳን በእርጥብ ብሩሽ ጠርጋችሁ አውርዱ፤ እሷ ብትቀር ኋላ ሙሉው ድስት ሻካራ ይሆናል። ከዚያ የጣሳው ወተት ይገባና ይፈላል፤ ሳያቋርጡ ማማሰል ነው፣ ወተቱ ከሥር ቶሎ ይይዛል። መልኩ ከነጭ ወደ ክሬም፣ ከክሬም ወደ ማር ይሄዳል። ቴርሞሜትር ያለው 115 ዲግሪ አልፎ ወደ 118 ሲጠጋ ያወርዳል። የሌለው አንዲት ጠብታ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይጥላል፤ በጣት ስትሰበሰብ ለስላሳ ኳስ ከሆነች ደርሳለች።

ዋናው ሥራ የሚጀምረው ከእሳት ከወረደ በኋላ ነው። ይመታል። ክንድ እስኪዝል ይመታል። ጎረቤቴ በማሽን መምታትን አይወዱም፤ «ሰዓቱን ተይው፣ ድስቱን አድምጪው» አሉኝ፣ እውነታቸውን ነው። መጀመሪያ ማማሰያው ድምፅ የለውም፣ በወፍራም ሽሮፕ ውስጥ ይንሸራተታል። ጥቂት ቆይቶ ፊቱ ላይ ያለው ማብረቅረቅ ይደበዝዛል። ቀጥሎ የድስቱ ግርጌ መፋቅ ይጀምራል፦ ሸር፣ ሸር የሚል፣ ደረቅ መሬት ላይ እንደሚጎተት መጥረጊያ ያለ ድምፅ። ያ ድምፅ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ደቃቅ የስኳር ቅንጣቶች አንድ ላይ እየረጉ መሆናቸውን ይናገራል፤ በመምታት ብዛት ነው ቅንጣቶቹ ደቃቅ ሆነው የሚቀሩት። ድምፁን እንደሰማችሁ ቅቤ ወደተቀባው ትሪ ገልብጡት። ግማሽ ደቂቃ ብትዘገዩ ድስቱ ውስጥ ይደርቃል። ለብ ሲል በቢላ መስመር ይሰመርበታል፣ ሲበርድ በመስመሩ ይሰበራል።

ታብሌት የትናንት ነገር አይደለም። ሌዲ ግሪዝል ቤይሊ የተባሉት የስኮትላንድ ባላባት ሴት ከ17ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ እስከ 18ኛው መጀመሪያ ባቆዩት የቤት ወጪ መዝገብ ውስጥ ተጠቅሷል። ያኔ የጣሳ ወተት የሚባል ነገር አልነበረም፤ በስኳርና በክሬም ነበር የሚሠራው፣ ስኳር ደግሞ የባለጸጋ ነገር ነበር። ወደ ሁሉም ቤት የገባው ኋላ ነው፤ ከግላስጎ ወረድ ብላ በክላይድ ወንዝ ዳር ባለችው በግሪኖክ ከተማ ስኳር ማጣራት በ1765 ተጀምሮ እስከ 1997 ዘልቋል። የመጀመሪያዎቹ መርከቦች ያመጡት ስኳር በካሪቢያን ደሴቶች በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን በጅራፍ ሥር ያመረቱት ነው። ግላስጎ መሐል ከተማ ውስጥ ዛሬም «ጃማይካ ጎዳና» የሚባል መንገድ አለ፤ በእሱ ስናልፍ ለትልልቆቹ ልጆቼ ይህን ነግሬያቸዋለሁ። ጣፋጩን ስለምወደው የመጣበትን መንገድ ልሰውርላቸው አልፈልግም። አፍሪካዊ እናት ሆኜ ይህን ሳልናገር ድስቱን ባማስል ደስ አይለኝም።

አሁን ወደ ማታው። የአውሮፓ ሰዓት በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ወደ ኋላ ስለሚመለስ፣ ሃሎዊን በሚውልበት በኦክቶበር 31 ግላስጎ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ጥቂት አለፍ ሲል ነው። ልጆች ከትምህርት ቤት ተመልሰው ልብስ ሲቀይሩ ይጨልማል። ለሚያስፈራ ግብዣ ከዚህ የበለጠ ምን ይፈለጋል? የቤቱን መብራት አጥፍቼ ፋኖሶቹን ብቻ አበራለሁ።

ፋኖሶቹም ዱባ አይደሉም። ዱባ የአሜሪካኖቹ ነው። እዚህ የድሮው ፋኖስ ኒፕ የሚሉት፣ ልጣጩ ሐምራዊ፣ ውስጡ ቢጫ የሆነ፣ የልጅ ራስ የሚያህል ሥራ ሥር ነው። ድንጋይ ይመስላል። በማንኪያ ብቻ ልቦርብር ያለ ሰው ማንኪያው ይታጠፍበታል፤ መጀመሪያ በመሰርሰሪያ ብዙ ቀዳዳ በስቶ ከዚያ መቦርቦር ነው የሚያዋጣው። የድካሙን ያህል ግን ፊቱ! ዱባ ሲቦረቦር ሳቂታ ይሆናል፤ ኒፕ ግን የተጨማደደ፣ ከመቃብር የወጣ ራስ ነው የሚመስለው፣ በማግስቱ ደርቆ ሲኮማተር ደግሞ ይብሳል። ሻማ ሲገባበት ክዳኑ ከውስጥ እየተጠበሰ የሚሰጠው የጎመን ዘር ሽታ አለ፤ ስድሳና ሰባ የሞላቸው ስኮትላንዳውያን ሽታውን እንዳገኙት ዓይናቸው ሲበራ አይቻለሁ። ትንንሽ ልጆች ባሉበት በባትሪ የሚሠራ ሻማ አስገባለሁ። የተቦረቦረው ሥጋው አይጣልም፤ ተቀቅሎ በቅቤና በቁንዶ በርበሬ ይፈጫል፣ ከጣፋጩ በፊት የሚቀርብ ራት ይሆናል። ባዶ ሆድ ላይ ታብሌት ለማንም አልሰጥም።

ልጆቹን የሚያስጮኸው ጨዋታ የትሪክል ስኮን ነው። ገመድ ከግድግዳ ግድግዳ ይወጠራል፤ በገመዱ ላይ ክብ ስኮኖች፣ እነዚያ ሳይቦኩ በሶዳ የሚነፉ ትንንሽ ዳቦዎች፣ በክር ይንጠለጠላሉ። ከዚያ ስኮኖቹ ትሪክል ይቀባሉ፤ ትሪክል ከስኳር ማጣራት የሚተርፈው፣ ጥቁር፣ እንደ ሬንጅ የሚወርድ ሽሮፕ ነው። ልጆቹ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው በአፋቸው ብቻ መብላት አለባቸው። ስኮኑ ይሸሻል፣ ይመለሳል፣ ጉንጭ ይመታል፣ አፍንጫ ላይ ይለጠፋል። በጭለማው ውስጥ ጥርስና ዓይን ብቻ ነጭ ሆኖ ይታያል።

ይህ ጨዋታ እንዲያምር ጥቂት ነገር መታወቅ አለበት። ስኮኑ በዋዜማው ይጋገር፤ ትኩሱ ክር ይቆርጠዋል፣ ያደረው ግን ጸንቶ ይንጠለጠላል። ሲጋገር መሐሉ በመጠጫ ቱቦ ይበሳ። ክሩ ወፈር ያለ የጥጥ ክር ይሁን እንጂ ናይለን አይሁን፤ ናይለን ከንፈር ይቆርጣል። ትሪክሉ ለብ ይበል፤ ቀዝቃዛው ይጎትትና ስኮኑን ይገነጥለዋል። ቁመቱ ለእያንዳንዱ ልጅ አፍ ይለካ። ከሥር ላስቲክ ይነጠፍ፣ በላዩም ጋዜጣ። ወላጆችንም አስቀድሜ እነግራለሁ፦ የተከራዩትን ውድ ልብስ ለብሶ የመጣ ልጅ መጀመሪያ አሮጌ ቲሸርት ይደርባል።

በውሃ ውስጥ የሚንሳፈፈውን ፖም በጥርስ የማውጣቱን ጨዋታ ብዙዎቻችሁ በፊልም አይታችሁታል። እኔ የምመርጠው ሁለተኛውን ዓይነት ነው፤ ልጁ ወንበር ላይ ተንበርክኮ ሹካ በጥርሱ ይይዝና ከወንበሩ መደገፊያ በላይ አነጣጥሮ ሳፋው ውስጥ ይለቀዋል። የወጋው ፖም የእሱ ነው። የሁሉም ምራቅ አንድ ሳፋ ውስጥ አይገባም።

ጠረጴዛው ላይ ልጆች የማያምኑት አንድ ጣፋጭ አለ፤ ውስጡ ድንች ነው። የስኮትላንድ ማካሩን ይባላል። በኮትብሪጅ የሚገኘው ሊስ የተባለ ፋብሪካ ከ1931 ጀምሮ በመላ አገሩ አስተዋውቆታል፤ የቤቱ አሠራር ግን ከአንድ ትንሽ ድንች ይነሳል። መቶ ግራም ያህል የሚሆን፣ ሲቀቀል የሚፈረካከስ ዓይነት ድንች ያለ ጨው ተቀቅሎ አንዲት ጓል ሳይቀር ይላማል። ከዚያ ዱቄት ስኳር በማንኪያ በማንኪያ ይገባል። መጀመሪያ ጉድ ነው፦ ይወፍራል ስትሉት ቀጥኖ እንደ ወተት ይፈስሳል፤ ስኳሩ የድንቹን ውሃ ስለሚስበው ነው። አትደንግጡ፣ ስኳሩን መጨመር ቀጥሉ። ግማሽ ኪሎ አካባቢ ሲደርስ እንደ ሊጥ ይጠነክራል። ቀዝቅዞ ይቆራረጣል፣ በቀለጠ ጥቁር ቸኮሌት ይነከራል፣ በመጥበሻ ቀላ ባለ ኮኮናት ይንከባለላል። ለሃሎዊን እኔ ቁራጩን በጣት ቅርፅ አድቦልብዬ መገጣጠሚያውን በቢላ እሰነጥቅለታለሁ፤ ለጥፍሩ ሰፊ የኮኮናት ቅርፊት እሰካለሁ። በኒፕ ፋኖስ ብርሃን ስታዩት የጠንቋይ ጣት ነው። አልሞንድ የሚባለው ለውዝ ለጥፍር ያምራል፣ ግን የማላውቀው ልጅ አለርጂ ሊኖርበት ስለሚችል አልነካውም።

ማካሩኑ ሌላም ጥቅም አለው። ኦክቶበር 31 ረቡዕ ወይም ዓርብ ሲውል፣ ለምሳሌ በ2025 እንደሆነው፣ ከሐበሻ እንግዶቼ የሚጾሙ አሉ። ታብሌቱ ወተትና ቅቤ ስለሆነ ለእነሱ አይሆንም። ወተት የሌለበት ጥቁር ቸኮሌት ከተገኘ ማካሩኑ ፍስክ የለበትም፤ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን አንብቤ ነው የምገዛው።

በዚህ አጋጣሚ፣ በሃሎዊን ልጆቻቸውን ከቤት የማያስወጡ የእምነት ወንድምና እህቶች እንዳሉ አውቃለሁ፤ አልከራከራቸውም። በእኔ ቤት ግን ዕለቱ የኖቬምበር 1 የቅዱሳን ሁሉ በዓል ዋዜማ ነው፣ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። ሥሩ ደግሞ ሳውን የተባለው፣ ክረምት መግባቱን የሚያበስረው የጥንት ኬልቶች በዓል ነው። መኸሩ ገብቶ፣ ከብቱ ከተራራ ወርዶ፣ ጨለማው ሲረዝም ሰው እሳት ዳር ተሰብስቦ ያለውን ተካፍሎ መብላቱ ለልጆቼ የሚጎዳ ነገር ሆኖ አላገኘሁትም።

አንድ የማላቀርበው ነገር አለ። የተቃጠለች ጠንቋይ ምስል፣ በግንድ የታሰረች አሻንጉሊት፣ እንዲህ ያለውን ጠረጴዛዬ ላይ አላስቀምጥም። በዚህ አገር ከ1563 እስከ 1736 በጸናው ሕግ ወደ 3,800 የሚጠጉ ሰዎች በጥንቆላ ተከሰዋል፤ አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ፣ ብዙዎቹም ተገድለዋል። ከኤዲንብራ በስተምሥራቅ ባለችው በኖርዝ በርዊክ የተከሰሱት፣ በንጉሥ ጄምስ 6ኛ መርከብ ላይ ማዕበል አስነሥታችኋል ተብለው ሲሰቃዩ እንዲናዘዙ የተደረገው፣ በ1590 በሃሎዊን ሌሊት በቤተ ክርስቲያኑ ከሰይጣን ጋር ተሰብስበናል ብለው ነው። በማርች 8 ቀን 2022 የስኮትላንድ መንግሥት መሪ የነበሩት ኒኮላ ስተርጅን በይፋ ይቅርታ ጠይቀዋል። የምሠራት ጣት የተረት ጠንቋይ ጣት ናት። የእነዚያ ሴቶች ሞት ግን ጌጥ አይሆንም።

ከብርጭቆ ማሰሮ የሚገዙት ከረሜላዎች ተረት ሲነገር የሚበሉ ናቸው። ሱር ፕሉም የሚባለው ክብ፣ አረንጓዴ፣ መንጋጋ የሚቆልፍ ጎምዛዛ ከረሜላ የጋላሺልስ ከተማ ነው። በ1337 የእንግሊዝ ወራሪዎች ከተማዋ አጠገብ ያልበሰለ የዱር ፕለም ሲለቅሙ የአገሩ ሰዎች ደርሰው ፈጇቸው ይባላል፤ ከተማዋም እስከ ዛሬ ጎምዛዛውን ፕለም መለያዋ አድርጋዋለች። ይህን ታሪክ በጭለማ፣ ከረሜላው አፋቸው ውስጥ እያለ ለልጆች መንገር ነው። ጎምዛዛው ፊታቸውን ሲያጨማድደው ታሪኩ ከነጣዕሙ ይገባቸዋል። ከጄድበርግ የሚመጣው ጄዳርት ስኔይል ቡናማ፣ በቀንድ አውጣ ቅርፅ የተጠመዘዘ፣ ሚንት የሚሸት ነው፤ አሠራሩን ያስተማረው በናፖሊዮን ጦርነት የተማረከ ፈረንሳዊ ነው ይላሉ። የኤዲንብራው ሮክ ከስሙ በተቃራኒ አለት አይደለም፤ አፍ ውስጥ እንደ ጠመኔ ይፈረፈራል፣ መልኩም የደበዘዘ ሮዝ፣ ቢጫና ነጭ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን አሌክሳንደር ፈርግሰን ኤዲንብራ ላይ ያወጣው ነው። በግብዣዬ ጥርስ የሌላቸው አያቶች ድርሻ እሱ ነው።

ከጋላሺልስ ሳልወጣ ሮበርት ኮልታርትን ማንሳት አለብኝ። በ19ኛው መቶ ዘመን በየገበያውና በየመንደሩ እየዞረ በአኒስ የጣፈጠ ከረሜላ ይሸጥ የነበረ ሰው ነው፤ በ1880 ሞተ። የከረሜላው አሠራር አብሮት ጠፋ። ልጆችን ለመጥራት የፈጠራት ዘፈን ግን ቀረች፤ የስኮትላንድ እናቶች ዛሬም ሕፃን ሲያስተኙባት ይሰማል። ደጄ የሚመጡ ትንንሾች ሌላ ካላወቁ እሷን ነው የሚዘፍኑት። ልጅ የከረሜላ ሻጭን ዘፈን ዘፍኖ ከረሜላ ሲያገኝ ከማየት በላይ ምን ደስ የሚል ነገር አለ! ለዚያች ዘፈን ታብሌቱን እጥፍ አደርጋለሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ክብና ጠንካራ ከረሜላ ለትንንሽ ልጆች አይሰጥም፤ ጉሮሮ ይዘጋል። ሙሉ ለውዝም ከአምስት ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሆንም። ለእነሱ ታብሌትና ሮክ ለየብቻ አስቀምጣለሁ፤ የሱር ፕሉሙ ማሰሮ ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ነው።

ልጆቹ ከሄዱ በኋላ የአዋቂዎቹ ተራ ነው። ክራናካን እሠራለሁ፦ በደረቅ መጥበሻ እስኪሸት የታመሰ የአጃ ቅንጬ፣ የተመታ ክሬም፣ ማር፣ ራስበሪ፣ ለሚጠጣ ደግሞ ጠብ የምትል ውስኪ። አጃው ካልታመሰ ክራናካን አይባልም፤ ሙሉ ጣዕሙ ያለው እዚያ ነው። ድሮ በሃሎዊን ማታ እንዲህ ያለው የክሬምና የአጃ ምግብ በአንድ ትልቅ ጎድጓዳ ሳህን ይቀርብና በውስጡ ዕጣ ይደበቅ ነበር። ቀለበት የደረሰው ያገባል፣ ሳንቲም የደረሰው ይበለጽጋል፤ የልብስ ቁልፍ ለወንዱ፣ ሰፊዎች ጣታቸው ላይ የሚያጠልቋት ቆብ ደግሞ ለሴቷ ሳያገቡ መቅረትን ታመለክታለች። እኔ ቁልፏንና ቆቧን ትቻቸዋለሁ፤ ሳያገቡ የሚኖሩ ደስተኛ ጓደኞች አሉኝ፣ በዓል ማታ ማንም ሰው እንደ ዕጣ ቢስ እንዲታይ አልፈልግም። ቀለበቱና ሳንቲሙ በመጋገሪያ ወረቀት ተጠቅልለው ይገባሉ፤ ማንኪያ ከመነሳቱ በፊትም በውስጡ ምን እንዳለ ለሁሉም እናገራለሁ።

የእሳት ምድጃ ያለው ቤት ለውዝ ያቃጥል፤ ኦቾሎኒውን ሳይሆን ሃዘልነት የሚባለውን። ገጣሚው ሮበርት በርንስ በ1785 ስለ ሃሎዊን በጻፈው ረጅም ግጥም ይህን በዝርዝር ያሳየዋል፦ ሁለት ለውዞች በሁለት የሚዋደዱ ሰዎች ስም እሳት ዳር ይቀመጣሉ። ጎን ለጎን በጸጥታ ከነደዱ ትዳሩ ያምራል፤ አንዱ ፈንድቶ ከዘለለ ነገሩ አይሆንም። የእኛ ምድጃ ከተደፈነ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ስለዚህ ጎረቤቴ ይህንን ጨዋታ በአፋቸው ያጫውቱናል፣ የእናታቸው ለውዝ የት እንደዘለለ፣ አባታቸው ምን እንዳሉ።

ለማድረግ ላሰባችሁ የሥራውን ቅደም ተከተል ልንገራችሁ፤ ሁሉንም በአንድ ቀን ላድርገው ያለ ሰው ማታውን ደክሞት ያሳልፈዋል። ታብሌቱ ከሳምንት በፊት ይሠራ፤ አየር በማያስገባ ቆርቆሮ ውስጥ ይቆያል፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ግን አይግባ፣ ይረጥባል። ማካሩኑ ከሁለት ቀን በፊት ይድረስ፣ ድንች ስላለበት ብዙ አይቆይም። ኒፑ በዋዜማው ይቦርቦር፣ ስኮኑም ያኔ ይጋገር። አጃው ጠዋት ይታመስ፤ ክሬሙ የሚመታው እንግዳው ከተቀመጠ በኋላ ነው። ታብሌቱን ለደጅ ልጆች ሁለት ሁለት ቁራጭ አድርጋችሁ በመጋገሪያ ወረቀት ጠቅልሉት፣ ወላጅ አይቶ እንዲወስን የገባበትን ነገር በላዩ ጻፉበት፦ ስኳር፣ ቅቤ፣ ወተት። ከዚያ በሩን ስትከፍቱ ቅርጫቱን ወዲያው አታቅርቡ። «እህሳ፣ ዘንድሮ ምን ይዘሽልን መጣሽ?» በሉና ወለሉ ላይ ቁጭ ብላችሁ አድምጡ።